አርጎን በብርሌ፦ ባለ ጋዝ ቲዩብ የመሥራት ማስታወሻ

መስከረም 24

ከዛሬ ጀምሮ እየመዘገብኩ ልሂድ። የምሠራው ባለ ጋዝ ትራዮድ፣ ማለትም ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቲዩብ ነው። ሞቆ ኤሌክትሮን የሚያወጣ ፊላመንት፣ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ግሪድ፣ ኤሌክትሮኑን የሚቀበል ፕሌት፣ ውስጡ ደግሞ ጥቂት አርጎን። ግቡ የሚዲየም ዌቭ (የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ) ሲግናል ማጉላት።

ለምን ጋዝ? ዋናው ምክንያት ፓምፕ ነው። በደንብ ባዶ የሆነ ቲዩብ ለመሥራት ከአንድ ማይክሮን አንድ ሺህ ጊዜ ያነሰ ግፊት ይፈልጋል። ማይክሮን የቶር፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ አንድ ሺህኛ ነው፤ የፍሪጅ ሠራተኞች ጌጅም የሚያነበው በዚሁ ነው። እኔ የማገኘው ፓምፕ ደግሞ የእነሱው ነው። ባለ ሁለት ስቴጅ፣ ዘይቱ አዲስ ሲሆን 25 ማይክሮን አካባቢ ይቆማል። ከዚያ አይወርድም። ስለዚህ ጋዙን ማስወጣት ካልቻልኩ የሚቀረውን ጋዝ እኔ ልምረጠው አልኩ።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪኩ ነው። ሮበርት ፎን ሊበን ቪየና ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ያወጣው ባለ ግሪድ ቲዩብ የሜርኩሪ ተን ነበረበት። የስልክ ድምፅ ለማጉላት ነው የታሰበው። የአሜሪካዊው የሊ ዲ ፎረስት ቲዩብ፣ ኦዲዮን የተባለው፣ እሱም ውስጡ ጋዝ ነበረው፤ ሰውየው እንዲያውም ያለ ጋዝ አይሠራም ብሎ ያምን ነበር። በ1912 እና በ1913 ላንግሚዩር በጀነራል ኤሌክትሪክ፣ አርኖልድ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ጋዙን ጠርገው ሲያወጡ ነው ቲዩብ የተረጋጋው። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ጋዝ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነጥቅ ግን በእጄ ይዤ ማየት እፈልጋለሁ።

ለመስታወቱ ብርሌ መረጥኩ። ክብ ሆዱ ግፊትን በደንብ ይችላል፣ አንገቱ ለመድፈን ይመቻል። መርካቶ 3 ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 80 ብር። አረፋና ስንጥር የሌለበትን ለመምረጥ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁ። ሻጯ የጠጅ ቤት ልከፍት መስሏት መረቀችኝ።

ጥቅምት 2

ኤሌክትሮዶቹ ተሠሩ። ፊላመንቱ የመኪና የፍሬቻ አምፖል ነው፣ 12 ቮልት 21 ዋት። 5 አምፖል ገዛሁ፣ አንዱ 40 ብር። መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በፒንሳ ቀስ ብሎ መስበር ነው። ውስጥ ያለችውን ትንሽ የመስታወት ዶቃ መንካት የለም፤ ሁለቱን እግሮች የያዘቻቸው እሷ ናት። መጀመሪያ የሞከርኩት ከአሮጌ መኪና የወጣ አምፖል ነበር። ፊላመንቱ ገና ስነካው እንደ ደረቅ ስፓጌቲ ተሰበረ። ተንግስተን አንዴ በደንብ ከነደደ በኋላ ውስጡ ያለው ክሪስታል ይለወጥና ተሰባሪ ይሆናል። አዲስ አምፖል ብቻ።

ፕሌቱ ከባትሪ ጠጋኞች የገዛሁት የኒኬል ስትሪፕ ነው። ኒኬል ነው ተብሎ የሚሸጠው ብዙው የተቀባ ብረት ነው። በካቻቢቴ ጫር አድርጌ ጨው ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። የመጀመሪያው ጥቅልል ጠዋት ዝጎ ተገኘ። ሁለተኛው ከሌላ ሱቅ፣ 350 ብር፣ ንጹህ ሆኖ አደረ። እሱን በ8 ሚሊሜትር እርሳስ ላይ ጠቅልዬ ሲሊንደር አደረግኩት።

ግሪዱ ከተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያ የወጣ ቀጭን የኒክሮም ሽቦ ነው። በ4 ሚሊሜትር ሚስማር ላይ 9 ዙር ጠመጠምኩት። ምሰሶዎቹን ከምጣድ ሽቦ ቆረጥኩ፤ ወፍራም ነው፣ ሙቀትም አያስጨንቀውም። ብየዳው በስፖት ዌልደር ነው፣ ከማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የሠራሁት። ግሪዱን ሁለት ጊዜ አቃጥዬ በሦስተኛው ተሳካ። ቀጭኑን ሽቦ ከወፍራሙ ላይ ማጣበቅ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው፦ አጭር ምት፣ ከዚያ ማየት፣ ከዚያ ሌላ አጭር ምት።

ጥቅምት 9

አንገቱን በባለ ሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ ደፈንኩ። አራት የመዳብ ሽቦና አንድ የፍሪጅ ካፒላሪ ቱቦ በመሀሉ ያልፋሉ። አንድ ቀን ሙሉ ሳልነካው አደረቅኩት።

ፓምፑን የተከራየሁት ከሰፈራችን የፍሪጅ ሠራተኛ ነው፣ በቀን 500 ብር። ሲሠራም አብሮኝ ይሆናል። ፓምፑ ተነሳ። የማኒፎልዱ ጌጅ መርፌ ወርዶ ከ22 ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ቫክዩም (ሙሉ ባዶ) ማለት 30 ኢንች ሜርኩሪ ነው። ሊክ አለ ብዬ ኢፖክሲውን ደግሜ ቀባሁ፣ የቱቦዎቹን ማሰሪያ አጠበቅኩ፣ በየመጋጠሚያው አልኮል በመርፌ ጠብ እያደረግኩ ቆየሁ። ግማሽ ቀን ሄደ። እሱ ሻዩን ጨርሶ መጣና አየኝ።

«ልጄ፣ ምን እየፈለግክ ነው?»

«ጋሼ፣ 30 አልደርስ አለኝ።»

«እዚህ አገር 30 ደርሶ አያውቅም። አዲስ አበባ ነው ያለኸው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ አይደለህም።»

ልክ ነው። 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 570 ቶር ገደማ ነው፤ በኢንች ሜርኩሪ 22 ተኩል መሆኑ ነው። መርፌው የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት እንጂ ውስጥ የቀረውን አይደለም። እሱ ይህን በ30 ዓመት ሥራ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ፊዚክስ ተምሬ ረሳሁት። ውስጥ የቀረውን የሚያነብ ዲጂታል ማይክሮን ጌጅ የግድ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ይዞልኝ ይመጣል፣ 90 ዶላር። እስካሁን ትልቁ ወጪ።

ጥቅምት 17

ጌጁ መጣ። 30 ማይክሮን አነበበ። ደስ አለኝ፣ ፊላመንቱን አበራሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አምፖሉ ሲሸጥ ውስጡ ጋዝ ስላለ ጋዙ ያቀዘቅዘዋል። ቫክዩም ውስጥ ግን ባነሰ ኃይል ያንኑ ያህል ይሞቃል። ኤሌክትሮን በቂ እንዲያወጣ ወደ 2,400 ኬልቪን እፈልጋለሁ፤ ለዚህ 12 ዋት ይበቃል። 8.4 ቮልት፣ 1.4 አምፔር። ከሞተር ሳይክል ባትሪ በኮንቨርተር አወረድኩት።

በ40 ደቂቃ ውስጥ ብርሌው ጠቆረ። ከሆዱ ላይኛው ክፍል ጀምሮ ጥላ የመሰለ ነገር ወረደበት። ፊላመንቱ ቀጥኖ ተበጠሰ።

ምክንያቱን ላንግሚዩር በአምፖል ላይ አግኝቶታል፦ ውኃ ነው። የውኃ ተን ትኩስ ተንግስተን ሲነካ ይከፈላል። ኦክስጅኑ ተንግስተኑን ይዞ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፣ ሃይድሮጅኑ እዚያ ድረስ ሄዶ ኦክስጅኑን መልሶ ይወስዳል፣ እንደገና ውኃ ይሆናል። ያው ትንሽ ውኃ እየተመላለሰ ፊላመንቱን ሙሉ በሙሉ ያጓጉዘዋል። ስለዚህ 30 ማይክሮን መባሉ ብቻ አይበቃም። የ30 ማይክሮን ምን? የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ።

ሌላም ስህተት አለ። ጌጁን የሰካሁት ከፓምፑ አጠገብ ነበር፣ ብርሌው ግን በቀጭኑ ካፒላሪ ማዶ ነው። በዚህ ዝቅተኛ ግፊት ጋዝ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እየተንፏቀቀ ነው የሚያልፈው። ፓምፑ ዘንድ 30 ሲሆን ብርሌው ውስጥ ብዙ መቶ ሊሆን ይችላል። ካፒላሪው ይወጣል፣ በሦስት ስምንተኛ ኢንች የመዳብ ቱቦ ይተካል፣ ጌጁ ከብርሌው አንገት ሥር ይሰካል።

ጥቅምት 25

ሁለተኛው ብርሌ። በሰፊ ቱቦ፣ ሆዱን በሂት ገን ለሁለት ሰዓት እያሞቅኩ። ከኢፖክሲው ራቅ አድርጌ ነው የማሞቀው፣ አለበለዚያ ይለሰልሳል። ማይክሮኑ ሲሞቅ ወደ 400 ወጣ፣ ቀስ እያለ ወደ 28 ወረደ። መስታወት ላይ የተለጠፈው ውኃ ሲለቅ በጌጁ ላይ ይታያል። ይህን ማየት በራሱ ደስ ይላል።

ፊላመንቱ በርቶ ንባብ እየጻፍኩ መብራት ጠፋ።

ፓምፑ ቆመ። ፊላመንቱ በባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ከፓምፑ በኩል «ጉርጉር» የሚል ድምፅ መጣ። አየሩ ዘይቱን እየገፋ በቱቦው ወደ ብርሌው ይመለሳል። ፊላመንቱ አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ነጣ፣ ቢጫ ቢጤ ነጭ ጭስ ሠራ፣ ጠፋ። በስልክ መብራት ሳየው ውስጡ ዱቄት የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ ሁሉ ተለጥፏል፣ ከሥር ደግሞ አንድ ማንኪያ የሚሆን ዘይት ተኝቷል። የ9 ቀን ሥራ ነው። ያን ማታ ምንም አልሠራሁም።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ ሄጄ ሁለት ቦል ቫልቭ አመጣሁ፣ 600 ብር። አንዱ በፓምፑና በብርሌው መሀል ይገባል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ፓምፑን በባትሪ ኢንቨርተር ማስነሳት ሞክሬ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን ኢንቨርተሩ አልቻለውም።

ኅዳር 6

አርጎን። ይህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን በየጋራዡ «አርጎን እንበይዳለን» የሚል ሰሌዳ አለ። አንዱ በያጅ ጋ ባዶ የፍሪጅ ጋዝ ጣሳ ይዤ ሄድኩ። ጣሳውን ቀድሜ በፓምፕ ባዶ አድርጌዋለሁ። 200 ብር ተቀብሎ ሞላልኝ።

አወሳሰዱ ላይ ነው ያሰብኩት። ከጣሳው በቀጥታ ብከፍት ብርሌው በቅጽበት ይሞላል። ስለዚህ በሁለት ቫልቭ መሀል አጭር ቱቦ አደረግኩ፣ የሚይዘው 3 ሚሊሊትር ያህል ነው። የጣሳውን በኩል ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ከዚያ የብርሌውን በኩል እከፍታለሁ። ያቺ ቁንጥር አርጎን 600 ሚሊሊትር በሚሆነው ሥርዓት ውስጥ ስትበተን ወደ 3 ቶር ትሰጣለች። ያ መጥፎ ካፒላሪ ደግሞ እዚህ ሥራ አገኘ፤ ከጣሳው የሚመጣውን ያዘገይልኛል።

3 ቶር አስገባለሁ፣ ወደ 30 ማይክሮን አወርዳለሁ፣ እንደገና። በአንድ ዙር የቀረው አየርና ውኃ ወደ መቶ እጥፍ ይሳሳል። አምስት ዙር አደረግኩ፣ በየመሀሉ እያሞቅኩ። በመጨረሻ የቀረው 40 ማይክሮን በአብዛኛው አርጎን ነው። ጌጁ ለአየር የተስተካከለ ስለሆነ አርጎንን አሳንሶ ነው የሚያነበው፤ በ1.6 ገደማ ስናበዛው 64 ማይክሮን ይሆናል። በዚህ ግፊት ኤሌክትሮን ከአንድ አተም ጋር ሳይጋጭ በአማካይ ጥቂት ሚሊሜትር ይሄዳል። ከፊላመንት ወደ ፕሌት ያለው ርቀት 4 ሚሊሜትር ነው። አልፎ አልፎ ይጋጫል ማለት ነው። የምፈልገውም ይህን ነው።

ፊላመንቱ 3 ሰዓት ነደደ። መስታወቱ አልጠቆረም።

ኅዳር 14

የመጀመሪያው ከርቭ፣ የፕሌቱ ቮልት ሲጨምር ኩረንቱ እንዴት እንደሚሄድ። ግሪዱን ከፊላመንቱ አሉታዊ ጫፍ ጋር አገናኝቼ ፕሌቱን ከ4 ባለ 9 ቮልት ባትሪ በፖቴንሺዮሜትር ከፍ አደረግኩት። 1 ኪሎ ኦም ለጥንቃቄ በመሀል አለ።

በ5 ቮልት ምንም የሚባል የለም። በ10 ቮልት 0.08 ሚሊአምፔር። በ15 ቮልት 0.19። ከዚያ 17.4 ላይ ስደርስ የቴስተሩ ቁጥር ዘለለ፣ 11 ሚሊአምፔር። መጋረጃውን ስዘጋ ፕሌቱ ውስጥ ሐምራዊ ብርሃን አለ። በጣም ስስ፣ እንደ ማለዳ ጉም። ዝም ብዬ ብዙ ደቂቃ አየሁት።

አርጎን አንድ ኤሌክትሮኑን የሚለቀው 15.8 ቮልት ላይ ነው። ፍጥነቱ ከዚያ ያለፈ ኤሌክትሮን አተሙን ሲመታው አዎንታዊ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለው አተም፣ ይወለዳል። ፊላመንቱ ዙሪያ ሁልጊዜ የኤሌክትሮን ደመና አለ፣ አዲስ የሚወጡትን ወደ ኋላ የሚገፋ። አዮኖቹ ወደዚያ ደመና ገብተው ያጠፉታል። በሩ ይከፈታል፣ ኩረንቱ ይጎርፋል።

ችግሩ በሩ አይዘጋም። ግሪዱ ላይ አሉታዊ 9 ቮልት ሰጠሁት፤ ኩረንቱ ንቅንቅ አላለም። አሉታዊ ሽቦ አዮኖቹን ወደ ራሱ ይሰበስብና በእነሱ ይሸፈናል፣ ከሽፋኑ ውጭ ላለው ኤሌክትሮን አይታይም። የሚያጠፋው የፕሌቱን ቮልት ማቋረጥ ብቻ ነው። በኋላ ታይራትሮን ተብሎ ለስዊች የተሠራው ቲዩብ ጠባይ በትክክል ይሄ ነው። ለስዊች ግሩም፣ ለማጉያ ግን የማይሆን።

ስለዚህ የምሠራበት ቦታ ከ17.4 በታች ያለችው ጠርዝ ናት፤ አዮን ገና መወለድ የጀመረባት፣ ጎርፉ ግን ያልመጣባት።

ኅዳር 22

ይህ ሳምንት ሙሉ ልኬት ነው። ፕሌቱ ላይ 22 ኪሎ ኦም ጫንኩ፣ ግሪዱ ላይ ከጀነሬተር 50 ሚሊቮልት በ1 ኪሎኸርዝ።

ፕሌቱ 14 ቮልት ላይ ሲሆን 70 ሚሊቮልት ወጣ። 1.4 እጥፍ፤ ማጉያ ለመባል ያፍራል። 16 ላይ 110። 16.8 ላይ ኦሲሎስኮፑ ላይ ያለው ሞገድ በድንገት አበጠ፣ 420 ሚሊቮልት። ከስምንት እጥፍ በላይ! ከሥሩ የፉጨት ዓይነት ጫጫታ አለው፣ ግን ሞገዱ ሞገድ ነው። 17 ላይ ጫጫታው ዋጠው። የምትሠራው መስኮት ከሁለት ዐሥረኛ ቮልት አትበልጥም። የፊላመንቱን ባትሪ 0.1 ቮልት ዝቅ ሳደርገው መስኮቷ ቦታ ትቀይራለች።

ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ ሞከርኩ፣ 1 ሜጋኸርዝ። በ22 ኪሎ ኦሙ ፈንታ የተስተካከለ ኮይልና ካፓሲተር አስገባሁ። 14 ቮልት ላይ 1.3 እጥፍ። 16.8 ላይም 1.3 እጥፍ። ጫጫታው ብቻ ጨመረ። ኮይሉን ቀየርኩ፣ ሽቦዎቹን አሳጠርኩ፣ ፕሮቡን ባለ ዐሥር አደረግኩ። ሁለት ቀን። ያው ነው።

ሦስተኛው ቀን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የአርጎን አዮን ከኤሌክትሮን ወደ 73,000 ጊዜ ገደማ ይከብዳል። በጥቂት ቮልት ተገፍቶ 3 ሚሊሜትር ለመሄድ ከግማሽ ማይክሮሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የ1 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሙሉ ዑደቱ አንድ ማይክሮሰከንድ ነው። አዮኑ ገና መንገድ ሲጀምር ግሪዱ ሐሳቡን ቀይሯል። ያ ስምንት እጥፍ የመጣው ከአዮኖቹ ነበር፦ ግሪዱ ትንሽ ሲከፍት አዮን ይበዛል፣ አዮን ሲበዛ በሩ የበለጠ ይከፈታል። ለድምፅ ፍጥነት ይደርሳሉ። ለሬዲዮ ፍጥነት አይደርሱም፤ ኤሌክትሮኖቹ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፣ ብቻቸውን ደግሞ አቅማቸው 1.3 ነው።

የአሜሪካው የሬዲዮ ኩባንያ አርሲኤ በ1920 ሁለት ቲዩብ አንድ ላይ ለገበያ ያቀረበበት ምክንያት አሁን በደንብ ገባኝ። ዩቪ-200 ጋዝ ያለበት ነው፣ ለዲቴክተር፣ ማለትም ከሬዲዮ ሞገዱ ድምፁን ለማውጣት። ዩቪ-201 ባዶው ነው፣ ለማጉያ። የዩቪ-200 የፕሌት ባትሪ 22.5 ቮልት ሆኖ ብዙ መውጫ ነበረው፣ ተጠቃሚው ጥሩዋን ነጥብ እየቀያየረ እንዲፈልግ። እኔም ያችኑ ነጥብ ነው በፖቴንሺዮሜትር የምፈልገው።

ዓላማው ይቀየራል። ቲዩቤ ዲቴክተር ይሆናል፦ ሬዲዮውን ተቀብሎ ድምፁን አውጥቶ፣ ድምፁን ራሱ የሚያጎላ።

ታኅሣሥ 3

ግሪዱ ላይ 250 ፒኮፋራድና 2 ሜጋ ኦም፣ ፊት ለፊቱ በፌራይት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ኮይልና ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ተለዋዋጭ ካፓሲተር። 20 ሜትር ሽቦ ከጣሪያ እስከ ጥዱ ዘረጋሁ። መስማቱ በክሪስታል ኢርፎን።

ቀን ላይ ምንም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ፊላመንቱን 8.4 ላይ አድርጌ ፕሌቱን ከ15 ጀምሮ በጣም ቀስ ብዬ ከፍ አደረግኩ። መጀመሪያ ሽሽሽ። 16.5 ላይ ሽሽታው ወፈረ። ከዚያ ከውስጡ የሰው ድምፅ ወጣ፣ በአማርኛ፣ ዜና የሚያነብ። አንዲት ፀጉር ያህል ሳዞር ድምፁ ቀረበ፣ ቃላቱ ተለዩ። ሌላ ፀጉር ያህል ሳዞር ቦግ ብሎ ሐምራዊው በራ፣ ድምፁ ጠፋ። ባትሪውን ነቅዬ መልሼ እንደገና ጀመርኩ።

ለማነጻጸር በዚያው ኮይል ላይ የጀርማኒየም ዳዮድ አስገባሁ። ጣቢያው አለ፣ ግን ጆሮን ማስጨነቅ ይፈልጋል። በብርሌው ያለ ጭንቀት ይሰማል። እናቴን ጠርቼ ኢርፎኑን ሰጠኋት። ትንሽ አዳመጠችና «በብርሌው ውስጥ ነው የሚያወራው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ታኅሣሥ 12

ሦስተኛውን ብርሌ ከፓምፑ ለየሁት። ይህን የሠራው የፍሪጅ ሠራተኛው ነው፣ ፍሪጅ ሞልቶ ሲጨርስ እንደሚያደርገው። የመዳብ ቱቦውን በመቆንጠጫ ፒንሳ ሁለት ቦታ ጨፈለቀ፣ ቆረጠ፣ ጫፉን በነሐስ በየደ። ኢፖክሲው እንዳይሞቅ አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። ገንዘብ አልቀበልም አለኝ።

የተዘጋ ቲዩብ ሌላ ጠባይ አለው። ነጥቧ በመጀመሪያው ቀን 16.8 ነበረች። በአምስተኛው ቀን 16.5። ዛሬ 16.1፣ ጫጫታውም ጨምሯል። ኢፖክሲው ቀስ እያለ ጋዝ እየለቀቀ ነው፣ ግፊቱ ይጨምራል። በመስታወት ብቻ የተዘጋ ቢሆን ተቃራኒው ነበር የሚሆነው፤ አዮኖቹ ግድግዳና ብረት ውስጥ እየተቀበሩ ጋዙ ያልቃል። የማርኮኒ ኩባንያው ሄንሪ ራውንድ በ1913 አካባቢ የሠራቸው ቲዩቦች ለዚህ ጫፋቸው ላይ ጥቂት አስቤስቶስ ነበራቸው። ጋዙ ሲያንስ ጫፉን በክብሪት ሞቅ ማድረግ ነው፣ አስቤስቶሱ ይለቃል። የእኔ ብርሌ ግን ጋዝ የሚበዛበት ስለሆነ ክብሪት አያድነውም።

እስከ ዛሬ ያወጣሁት ጌጁን ሳይጨምር ወደ 6,000 ብር ነው፤ አብዛኛው የፓምፕ ኪራይ ነው።

የሚቀጥለው መዘጊያውን መቀየር ነው። የአምፖል ዶቃ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ከመስታወቱ ጋር እኩል የሚሰፋ ነው፣ ስለዚህ በመብራት አምፖል ግንድ ልሞክር ነው፤ አምፖሉን ቆርጦ ግንዱን ከነሽቦው ብርሌው አንገት ላይ በእሳት ማቅለጥ። የሁለቱ መስታወት እኩል የማይሰፋ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ለሙከራ ሦስት የተቃጠሉ አምፖሎችና የተሰበረ የብርሌ አንገት አዘጋጅቻለሁ። በያጁ ቅዳሜ ጠዋት ችቦውን ሊያውሰኝ ተስማምቷል።